የአደራው እሳት

ጣልያን አገር በሚኖሩ የኛ ሰዎች መካከል አንዲት አባባል አለች። ሰው ሲጣደፍ፣ ያልበሰለውን ሊያወርድ፣ ያልደረሰውን ሊሸመጥጥ ሲል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ጣል ያደርጋታል፤ የሰማም ሁሉ ፈገግ ይላል። ብዙዎች ከአገር ቤት ይዘዋት የሄዱ ይመስላቸዋል። እንደ ሌሎቹ ተረቶቻችን ቤት ስለምትመታ አይፈረድባቸውም። የተወለደችው ግን እዚያው ነው፣ ደመና ከቤት ጣሪያ ዝቅ ብሎ በሚተኛበት ተራራ ላይ። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ገረመው የሚባል የወረኢሉ ልጅ ቶሪኖ ከተማ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ልቡ ቸር ነው፤ ችኩልነቱ ብቻ መድኃኒት አልተገኘለትም። ገንፎ ሳይበርድ ጎርሶ ምላሱን ይላጣል፤ ጠያቂው ሳይጨርስ መልሱን ይሰጣል። አንድ ጊዜ ቀብር እንዳያመልጠው ሲሮጥ ከሌላ ለቀስተኛ ጋር ተቀላቅሎ፣ የማያውቀውን ሰው አልቅሶ ቀብሮ ተመልሷል። እናትና አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሙሉሸዋ ናት። እሷም እዚያው ጣልያን፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ የተራራ መንደር፣ እማማ ኤልቪራ የሚባሉ አሮጊት እየተንከባከበች ብዙ ዓመት ኖራለች።

በዚያ ዓመት ገረመው ምንትዋብ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ሸዋንግዛው ወግ የሚያጠብቁ፣ ቃላቸውን መጥነው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ገረመው ታዲያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ በመጪው እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ። በእናቴ ቦታ እህቴ ትቀመጣለች» ብሎ ቃል ሰጠ። እህቱ ስለ ጉዳዩ የሰማችው ነገር የለም። እሱ ግን ነገሩን እንዳለቀ ቆጥሮ ሊያመጣት አውቶቡስ ተሳፈረ።

አውቶቡሱ ከመንደሩ ግርጌ አውርዶት ሲመለስ ጉም ዋጠው። ገረመው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሽቅብ የሚወጣውን የድንጋይ መንገድ ያዘ። ግራና ቀኙ ጫካ ነው፤ ግንዳቸውን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ያረጁ ዛፎች። ነፋስ የለም፣ የሰው ድምፅ የለም፤ ፍሬ ብቻ ይወርዳል። ጠብ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ራቅ ብሎ ጠብ ይላል። ጫካው በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ ይመስል ነበር። ገረመው ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ። ውጪው እንደ ጃርት እሾህ ለብሷል፤ በጫማው ተረከዝ ሲፈለቅቀው ግን ውስጡ እንደ ዳማ ፈረስ ገላ የሚያበራ ቡናማ ፍሬ ተገኘ። አገሬው ካስታኛ የሚለው ይህን ነው። እያገላበጠ ሲያየው የመጣበት ጉዳይ ለአፍታ ጠፋው። ወዲያው ትዝ ሲለው ፍሬውን ኪሱ ከትቶ ፈጠን ፈጠን አለ።

እህቱን ያገኛት ከመንደሩ ዳር ባለች የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆዋ ከጣሪያዋ ሁሉ ጢስ ያልባታል። ከላይ የእንጨት ርብራብ ተዘርግቶ ፍሬው ተሰጥቶበታል፤ ከታች መሬቱ ላይ የግንድ ፍም አለ፤ ፍሙም ነበልባል እንዳያወጣ ያለፈው ዓመት ገለባ ለብሷል። ሙሉሸዋ ከፍሙ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ ይወርዳል።

«እታለም! ምን አደረጉሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ማንም ምንም አላደረገኝ፤ ጢስ ነው» አለችና ተነሥታ አገላብጣ ሳመችው።

«በይ ዕቃሽን አሰናጂ። እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ለማን?»

«ለምንትዋብ ነዋ!»

«ምንትዋብ ማናት?»

ያን ጊዜ ነው ለእህቱ ምንም እንዳልነገራት ያስታወሰው። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ነገራት። ሙሉሸዋ እልል ልትል ቃጥቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ የአሁኑ እንባ የጢስ አልነበረም። ከዚያ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ደስ ብሎኛል፣ ገሬ። እሁድ ግን አልችልም።»

«እንዴት አትችይም?»

«ይህ ፍሬ የኔ አይደለም፤ የእማማ ኤልቪራም ብቻ አይደለም። የመንደሩ ሁሉ ነው። በየዓመቱ አንድ ቤት ተረኛ ይሆናል፤ እሳቱን የለኮሰ እጅም ሳይጨርስ አይነሳም። ዘንድሮ ተራው የእማማ ነበር። ጉልበት ቢያጡ ክብሪቱን ለኔ ሰጡኝ። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይህን እሳት ሲሰጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሕዝቡ ቆሞ እያየ ነው የለኮስኩት።»

«መቼ ያልቃል ታዲያ?»

«ሲደርቅ።»

«መቼ ይደርቃል?»

«ጾሙ ሊገባ ሲል። ያኔ የመከር በዓላቸው ነው።»

«እሳቱን ከፍ ብታደርጊው በቶሎ ይደርቅ የለ?»

ሙሉሸዋ ሳቀች። «ከፍ ካለ ይጠበሳል እንጂ አይደርቅም። ይህ እሳት መሽተት እንጂ መታየት የለበትም።»

ሲመሽ እማማ ኤልቪራ ቤት ራት ቀረበ። አሮጊቷ ካስታኛውን አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ እየሰነጠቁ በተበሳሳ መጥበሻ እሳት ላይ ያገላብጡታል። ለእንግዳው በእጃቸው ልጠው ሰጡት። እንደ ስኳር ድንች ይጣፍጣል፤ ግን ከሱ የረቀቀ የጫካ ጠረን አለው። እሳቸው እየላጡ ስለ በዓሉ አወሩለት። የደረቀው ፍሬ ይወቀጣል፤ ገለባው ይበጠራል፤ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከዱቄቱም በየቤቱ ቂጣ ይጋገራል። በቅጠል ተጠቅልሎ አይብ የሚገባበት አለ፤ የወይራ ዘይት ፈሶበት ዘቢብና የጥድ ፍሬ የሚበተንበትም አለ። «ዱቄቱ ስኳር አይፈልግም» አሉ እማማ ኤልቪራ። «ጣዕሙን ያጠራቀመው ጢስ ውስጥ ተቀምጦ ነው።» ገረመው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ልቡ ግን ቶሪኖ ነበር።

በማግስቱ የሙታን መታሰቢያቸው ሆነ። እማማ ኤልቪራ በባላቸው መቃብር ላይ አበባ ማኖር አለባቸው፤ ያለ ሙሉሸዋ ክንድ ደግሞ ዳገቱን አይወጡትም። ሙሉሸዋ ከጎጆዋ በር ላይ ቆማ አመነታች። በመጨረሻ ወንድሟን እጁን ያዘችው።

«አንተና እኔ አንድ እጅ ነን። እስክመለስ ጠብቅልኝ። ነበልባል ካየህ ገለባ አልብሰው፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ። አደራ፣ ገሬ፣ አደ—»

«ገባኝ፤ ሂጂ አትዘግዪ» አላት፣ ሳትጨርስ።

ብቻውን ሲቀር ጢሱ ጉሮሮውን ያዘው። ፍሙን አየው፤ የሚያንቀላፋ ድመት ይመስላል። በርብራቡ ላይ እጁን ሰድዶ ፍሬውን ዳሰሰ፤ ገና እርጥብ ነው። «ይሄማ ለፋሲካም አይደርስ!» አለ። ከግድግዳው ጥግ ደረቅ ጭራሮ ተከምሯል። ትንሽ ብጨምር፣ አለ በልቡ፤ ዛሬን ብቻ ሞቅ ባደርገውና ከሳምንታቱ ላይ ጥቂት ቀን ብሸርፍለት። እህቱን የሚረዳት መሰለው። ጨመረ። እሳቱ ደስ ብሎት ብድግ አለ። ጢሱ ሳሳ፤ ጎጆዋ በራች። ደግሞ ጨመረ። ከዚያ አየር ሊወስድ ወጥቶ ከአንዱ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቢጫ ቅጠል እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ከሩቅ የመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። መንገድ ያደከመው ሰውነቱ ከግንዱ ጋር ተጣበቀ፤ ዓይኑን ለቅጽበት ብሎ ከደነ። በሕልሙ ሰርጉ ነበር። ፍሬው እንደ ቄጠማ መሬት ላይ ተነስንሶ፣ ሚዜዎቹ በላዩ ይጨፍሩ፣ ምንትዋብ ከጉም በተሸመነ ልብስ ትመጣ ነበር። ከበሮው ተመታ። ጠንክሮ ተመታ። ደግሞ እንደ ተኩስ ተንጣጣ።

ባነነ። ከበሮ አልነበረም። ሳይሰነጠቅ እሳት የነካው ፍሬ እየፈነዳ ነው። ርብራቡ ተያይዞ፣ ጣሪያው በነበልባል ተውጧል።

የመንደሩ ሰው ባልዲ ይዞ ደረሰ። ቀድሞ የመጣው ባለ ወፍጮው ኦሬስቴ ነው፤ ፍሬውን ላድን ብሎ ሊገባ የነበረውን ገረመውን ከበሩ ጎትቶ የመለሰው እሱ ነው፤ በዚያውም የራሱ ቅንድብ ተቃጠለ። ውሃው ግን ግድግዳውን አዳነ እንጂ ፍሬውን አላዳነም። የመንደሩ መከር በሙሉ አመድ ሆነ። ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እማማ ኤልቪራ በሙሉሸዋ ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ጎንበስ ብለው ከአመዱ አንዲት ፍሬ አነሱ፤ እፍ ብለው ላጧትና ቀመሷት።

«ይህ ጥብስ ነው» አሉ በዝግታ። «ጥብስ የአንድ ማታ ነው።» ከዚያ ወደ ቤታቸው ዞሩ።

ሰው ሁሉ ሙሉሸዋን አየ። ወንድሟ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው። በነሱው ቋንቋ፣ «እሳቱ የተሰጠው ለኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው» አለች። ገረመው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ዝም አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ለወትሮው የሙሉሸዋን ጤና ሳትጠይቅ አትሸኛትም ነበር፤ አሁን ዳቦውን ጠቅልላ ትሰጣታለች፣ አበቃ። ገረመው አልቻለም።

«እንሂድ፣ እታለም። ዛሬውኑ።»

«አንተ ሂድ። ሽማግሌህን ላክ። እኔ ግን አደራ በልቼ በእናታችን ቦታ አልቀመጥም።»

ሻንጣውን ይዞ ወረደ። አውቶቡሱን እየጠበቀ ለምንትዋብ ደወለላትና አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷም ጠየቀችው።

«አሁን የት ነህ?»

«አውቶቡስ እየጠበቅሁ።»

«ተመለስ።»

«እሁድስ?»

«ለአባዬ እኔ እነግረዋለሁ። የሰው እህል አቃጥለህ ጥለህ ከመጣህ ግን እኛ ደጅ እንዳትቆም።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሹፌሩ አየው። ገረመው ራሱን ነቀነቀ፤ በሩ ተዘጋ። በሕይወቱ የመጣለትን መኪና እያየ ሲያሳልፍ የመጀመሪያው ነበር።

ከሥራው የዓመት ፈቃዱን ጠየቀና ጫካ ገባ። ከመንደሩ ራስ፣ ብርድ በሚበረታበት ገደል ላይ፣ ዘግይተው የሚያፈሩ ዛፎች አሉ፤ ቦታው ስለሚያዳልጥ ማንም አይሄድበትም። እዚያ ወጥቶ ከወደቀው ቅጠል ሥር ይለቅም ጀመር። እሾሁ ጣቱን በሳው። ጉሙ እየመጣ ዛፎቹን አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል፤ እሱንም ይሸፍነዋል። መቸኮል አይሆንለትም፤ የቸኮለ ተንሸራቶ ቁልቁል ይወርዳል። ውሎ ሲያድር እጁ ከዓይኑ ቀድሞ ፍሬውን ማወቅ ጀመረ። ፍሬው ሲወድቅ ይሰማና ወደ ድምፁ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ኦሬስቴ ገደሉ ድረስ ወጣ። ቅንድቡ ገና አልበቀለም።

«ወፍጮዬ ሥራ ፈትቷል» አለ። «ከወንዙ ማዶ የአባቴ ማድረቂያ አለ፤ ትንሽ ናት። ጣሪያዋን ከጠገንክ ተጠቀምባት።»

ገረመው ጣሪያውን ጠገነ፤ የለቀመውንም በርብራቡ ላይ አሰጣ። የርብራቡን ግማሽ አልሞላም። በማግስቱ በሩን ሲከፍት ግን ደፉ ላይ ካስታኛ የሞላ ቅርጫት ተቀምጦ አገኘ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሁለት። የመንደሩ ሰው ለራሱ ጥብስ ያስቀረውን እያመጣ እንደሆነ ገባው፤ ማን እንደሚያመጣ ግን አላየም፤ ሊያይም አልተደበቀም።

ርብራቡ ሲሞላ ክብሪቱን ለእህቱ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«አንተ ለኩሰው» አለችው። «አንተው ትጨርሰዋለህ።»

ለኮሰው። ፍሙ ሲያያዝ ገለባ አለበሰው፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኑን መግለጥ አቃተው። በሁለተኛው ሳል ጣለው። ከዚያ ወዲያ ጢሱ ተለማመደው፤ እሱም ጢሱን። ፍሬው በላዩ ላይ ውሃውን እያጣ ሲኮማተር ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ከሩቅ ሰዎች የሚንሾካሾኩ ይመስላል። አንዳንዴ የእናቱን ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፤ ድምፁ እንዳይሸሽበት አይነቃነቅም፣ አይጠይቃትም። በዓሉ ያለ ቂጣ አለፈ። ሰዎቹ ጥቂት ፍሬ ጠብሰው በአዲስ ወይን አወራረዱት። ገረመው አኮርዲዮኑን ከጢሱ ውስጥ ሆኖ ሰማው፤ ተነሥቶ አልሄደም። ሙሉሸዋ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ጥብስ አምጥታለት አጠገቡ ተቀመጠች።

በረዶ ሲጀምር አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። አቶ ሸዋንግዛው ካፖርታቸው ላይ በረዶ እንደተነሰነሰ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ምንትዋብ። ገረመው ደንግጦ ተነሣ።

«ሽማግሌ ይልካል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ጊዜ ሄደ» አሉ። «ሽማግሌው ራሴ መጣሁ። የት ልቀመጥ?»

በርጩማውን ለቀቀላቸው። ምንትዋብ ሙሉሸዋን ፍለጋ ወደ መንደሩ ሄደች። አባቷ ግን ዓይናቸው እያነባ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ ወጣቱ እሳቱን ሲንከባከብ አዩት። ነበልባል ብቅ ሲል ሳይደናገጥ ገለባ ያለብሰዋል፤ ሲዳከም በቀስታ ይገልጠዋል። ምንም አልጠየቁትም፤ እሱም ምንም አላስረዳም። ሲጨልም ወጥተው እህቱ ዘንድ አረፉ። በማግስቱ ተመልሰው መጡ፤ ሳይጠሩ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ፍሬው ደረቀ፤ ሲያንቀሳቅሱት እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። መንደሩ ሁሉ ወጣ። በከረጢት አድርገው በግንድ ላይ ወቀጡት፤ ሙሉሸዋና ምንትዋብ ሰፌድ በሚመስል ሰፊ ቅርጫት አበጠሩት፤ የኦሬስቴም ወፍጮ ዞረ። ዱቄቱ እንደ ሌላው ዓመት አልበዛም፤ ለየቤቱ ቢከፋፈል አይበቃም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ቂጣ ለሁሉም እንዲጋገር ተስማሙ። እማማ ኤልቪራ በውሃ በጠበጡት፤ የወይራ ዘይት አፈሰሱበት፤ ዘቢብ፣ የጥድ ፍሬና የጥብስ ቅጠል በተኑበት። ከምድጃ ሲወጣ መልኩ የታረሰ መሬት ይመስል ነበር።

አቶ ሸዋንግዛው ከመቁረሳቸው በፊት ሙሉሸዋን ጠየቋት። «ጾመኛ ነኝ፤ ወተት ወይ እንቁላል የለበትም?»

ሙሉሸዋ ጥያቄውን ለእማማ ኤልቪራ አደረሰችላቸው። አሮጊቷ ሳቁ። «ይህን ቂጣ የፈጠሩት ድሆች ናቸው በይልኝ። ድሃ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው።»

በደንባቸው የመጀመሪያው ቁራሽ ለእሳቱ ጠባቂ ነው። ኦሬስቴ ቆርጦ ለገረመው ሰጠው። ገረመው ግን አልበላውም፤ ዞሮ እህቱን አጎረሳት። ሙሉሸዋ አፏ ሞልቶ መናገር አልቻለችም፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት ትከሻዋን አቅፋ እንደ ወትሮዋ ያነጋገረቻት። ኦሬስቴም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የሚመጣው ዓመት ተራ የኔ ቤት ነው። ክብሪቱን ግን ሙሉሸዋ ትያዝልኝ» አለ። የተቃወመ አልነበረም።

ያን ጊዜ አቶ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም ወደሳቸው ዞረ፤ ቋንቋውን የማያውቁትም ነገሩ ገባቸው።

«ልጄን ለዚህ ሰው እሰጣለሁ» አሉ። «ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን።»

ሙሉሸዋ የያዘችውን እልልታ ለቀቀችው። ገረመው በሽማግሌው ጉልበት ላይ ወድቆ ሳመ፤ ምንትዋብን አየ፤ ቀና ሲል ግን የድሮው ነገር ያዘው።

«አባባ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሩቅ ነው... ጥምቀት እንዳለፈ ብናደርገውስ?»

አቶ ሸዋንግዛው ቂጣቸውን ቆርሰው አጣጣሙ፤ ከማድረቂያው የተረፈ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ጢሱን ያልታገሠ ዱቄቱን አልቀመሰ» አሉት።